በሞቴ የተበላ ትል

እንግዳ እንዲበላለት የሚለምን ሰው ሞልቷል። ዓሣ እንዲበላለት የሚለምን ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ባሕር ማዶ፣ የፌርፋክስ ከተማ ጎረቤቴ ጋሼ ታምራት እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ማርች ላይ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ግድብ ድራይቭ አድርገው ወሰዱኝ። በትንሽ ጀልባ ስንገባ ውሃው ላይ የጋገረው በረዶ ገና እየቀለጠ ነበር። ከጀልባችን ፊት ይሰነጠቅና ድምፁ ተራሮቹን ዞሮ ይመለሳል። እኔ የከተማው ሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጋሼ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተው ጣሉና ወደ ውሃው አጎነበሱ። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ ቅመስ።» ገመዱን ነቅነቅ አደረጉ። «እኔ ልሙት።» ከበረዶው ሥር ክንድ የሚያህል ጥላ ብቅ አለ። ይህን ጊዜ ጋሼ ወደ አንቱታ ተሻገሩ።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ይቅመሱልኝ።»

ቀመሰ።

ወጥቶ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ጋሼ ዓሣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«በእኔ ሞት ብዬ ነው ያበላሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ እሱ ለምን ይሞታል?»

መንጠቆውን ነቅለው ወደ ውሃው መለሱት።

እንዲህ ያለ ቃል አክባሪ ከየት ይገኛል? ቢሆንም ከዚያ ወዲህ «በሞቴ» ብለው ሲያጎርሱኝ፣ መንጠቆ እንዳይኖርበት አስቀድሜ በምላሴ እዳብሳለሁ።