ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን

በዚህ ዓለም ወኪል የሌለው ሰው የለም። ሙሽራ ሚዜ አለው፤ ከሳሽ ጠበቃ አለው፤ ሟች እንኳ ተዝካሩን የሚያወጣለት ወራሽ አለው። እንደኔ ያለው ኃጢአተኛም የሚማልዱለት ቅዱሳን አሉት፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። እኔን ያስቸገረኝ የምድሩ ወኪል ነው። ቅዱስ ገብርኤል ወደ እቶኑ ሲላክ እሳቱን አቀዝቅዞ ልጆቹን አወጣ እንጂ፣ ሙቀታችሁን አይቻለሁ፣ ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ ብሎ አልተመለሰም። የዘንድሮ ወኪል ግን እሳቱ ዳር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። በሰው ለመፍረድ ብዬ አይደለም። ጣቴን ወደማን እንደምቀስር መጨረሻው ላይ ታዩታላችሁ።

ትምህርቴ ከፊደል እስከ ዳዊት ነው። ዳዊቱንም ግማሹን በቃሌ ስለያዝሁት ያነበብሁ እመስላለሁ። የምኖረው ከጎንደር ከተማ በሚኒባስ ወጥታችሁ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ሂዳችሁ፣ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ነው። በበጋ ጥቁር ውኃን ግልገል ሆዷ ሳይርስ ታልፈዋለች። በክረምት ግን ሌላ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የእኛው ማሳሳቁንም ትቶታል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው።

ባለፈው ሐምሌ የጎረቤቴ የአያ ገላግሌ ምራት ምጥ ጠናባትና በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን። ወንዙ ሞልቷል። እስኪጎድል እየጸለይን ቆምን። እኔ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ፤ ጨረስሁና እንደገና ጀመርሁ። ሴትዮዋ እዚያው ዳር ላይ ወለደች። እሷ ተረፈች፤ ሳያለቅስ የቀረውን ሕፃን በጋቢ ጠቅልለን ተመለስን። የምራትየዋን ራስ ደግፋ የዋለችው ልጄ ብርቄ ነበረች። ዘንድሮ የራሷ የብርቄ ወር የሚገባው ሐምሌ ነው። ሌላው ወሬዬ ቢጠፋባችሁ እንኳ ይችን አትርሱብኝ።

በጥር ጎንደር ቀሐ ወንዝ ላይ ጥምቀትን ያየ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያይ መጣ። ይዞት የመጣው ተስፋዬ የሚባል የጎጣችን ተወላጅ ነው፤ ጎንደር ማራኪ ካለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራል። ማንነቱን ስንጠይቀው ተስፋዬ በአገራቸው እያንዳንዱ አውራጃ የንጉሡ እንደራሴ እንዳለው፣ እንደራሴው ደግሞ ምክትሎች እንዳሉት፣ ይኸ ሰውዬ ካንዱ አውራጃ ምክትሎች አንዱ መሆኑን ነገረን።

እስቲ ፍረዱ፤ ለጎንደር ሰው የንጉሥ እንደራሴ መጣ ተብሎ ይነገራል? ዙፋኑ ከተነሣ ስንት ዘመኑ ቢሆን የአቤቱታ ልማዳችን አልተነሣም። አያ ገላግሌ ጋቢያቸውን አደግድገው መንገዱ መሐል ቆሙና ድሮ አባቶቻቸው እንዳደረጉት አቤት አሉ። ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ አቤት አለ። እኔም ዳዊት በአለቆች ስለመታመን ምን እንዳለ እያወቅሁ ከሁሉ አስበልጬ ጮኽሁ። ሰውዬው ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

የወንዙን ነገር አንድ ሳናስቀር ነገርነው። ቆሞ ሰማን። ስንጨርስ በተስፋዬ በኩል እንዲህ አለ። ሥልጣን የለውም። ደሞዝም የለውም። ሥራው ንጉሡ የማይደርስበት ቦታ መሄድ፣ ሰው ማክበር፣ ዛፍ መትከል፣ መቶ ዓመት የሞላቸውን አሮጊቶች እንኳን አደረስዎ ማለት ነው። ሁለት ድልድይ መርቋል፤ ሁለቱንም ሪባን ቆርጦ ነው እንጂ አንድ ድንጋይ አላቀበለም። አያ ገላግሌ ሰይፍ አለው ወይ ብለው አስጠየቁ። ሰይፉ የእንደራሴው ነው፣ እሱ ያለው ደረቱ ላይ የሚሰካ ምልክት ብቻ ነው ተባሉ።

"ሥልጣን የለው፣ ደሞዝ የለው፣ ሰይፉም የሰው" አሉ አያ ገላግሌ። "ታዲያ ምነው ሾሙት?"

ተስፋዬ ሊያለዝበው ቢሞክርም ሰውዬው ግድ አስተርጉመኝ አለ። ሲተረጎምለት ሳቀ። ከዚያ የሰጠው መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

"ከጠሩኝ አልቀርም" አለ።

በእውነትም ያን ሁሉ ቁልቁለት በሰባ ዓመት ጉልበቱ እስከ ጥቁር ውኃ ድረስ ወረደ። ብርቄ ሕፃኑ የተወለደበትን ድንጋይ አሳየችው። ሲሄድ የራሳችንን ሹማምንት ጠርተን ቦታውን እንድናሳይ መከረን፤ ሰው ካየ በኋላ አላየሁም ማለት ይቸግረዋል አለ። ደግ ሰው ነው፤ አገሩን ግን ከአገራችን ጋር አምታታው።

ምክሩን ተቀበልን። ተስፋዬ ማመልከቻ ጻፈልን፤ እኔ የመንደሩ ተወካይ ሁኜ ጎንደር አራዳ ካለ አንድ ቢሮ ወስጄ ሰጠሁ። ስሙን ተዉት። ኃላፊው ራሳቸው ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ቀን መጥተው እንደሚያዩ ተነገረኝ። ያን ዕለት ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድሁት አላውቅም። ለብርቄ ሸጋ ወሬ ይዤልሽ መጣሁ አልኋት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠላ ተጠመቀ፤ ድፎ ተጋገረ። ወንዙ ዳር ዳስ ጥለን፣ ከትምህርት ቤቱ ባለመደገፊያ ወንበር ተውሰን፣ ነጭ ጋቢ አለበስነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ፤ ኃላፊው ስብሰባ ስላለባቸው ምክትላቸው ይመጣሉ ተባለ። ምክትልም ሹም ነው ብለን ተጽናናን። አምስት ሰዓት ላይ ምክትሉም ኃላፊውን ወክለው ሌላ ስብሰባ ስለገቡ፣ እሳቸውን የሚወክል ባለሙያ ተልኳል ተባለ። ባለሙያም የተማረ ነው ተባባልን። ሰባት ሰዓት ላይ ባለሙያው ራሱ ደወለ። ማኪና አጥቷል።

ድፎው ደርቋል። ቄሱ የክብር እንግዳው ወንበር ባዶ ሁኖ ማዕድ አይባረክም፣ ነውር ነው አሉ። ይኸ የእኛ አገር ሥርዓት ነው፤ ሰው ቢጠፋ ግድ የለም፣ ወንበር ግን ባዶ አይሆንም። ባለሙያው ችግራችንን ሰማና፣ ይባርከው፣ መላ አመጣ። ከመካከላችን አንድ ሰው እሱን ወክሎ ይቀመጥ፤ አቤቱታውን ይቀበል፤ ፎቶ ተነሥቶ ይላክለት። ፎቶው ለሪፖርት ይፈለጋል።

ማን ይቀመጥ? ኮት ያለው እኔ ብቻ ነኝ። አያ ገላግሌ ያንተ ኮት ለዚህ ቀን ነው የተሰፋው አሉ። እምቢ አልሁ፤ እኔ የመንደሩ ተወካይ ነኝ፣ አቤቱታውን የማቀርበው እኔ ነኝ አልሁ። ሳቁብኝ። ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ከሰጪው እስከ ተቀባዩ መንገዱ አጠረ እኮ አሉኝ።

ተቀመጥሁ። እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ ወንበሩ ተመቸኝ። ድፎው ተቆረሰ፣ የመጀመሪያው ለኔ ቀረበ። አያ ገላግሌ ተነሥተው፣ ሰባራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን እንዴት በጋቢ ጠቅልለው እንደተመለሱ ለኔ ነገሩኝ። ለኔ። አብሬያቸው ቃሬዛውን ለተሸከምሁት። አፌን ስከፍት የራሴ ድምፅ አልነበረም የወጣው።

"ችግራችሁን ተረድተናል፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን" አልሁ።

ማን አስተማረኝ? ወንበሩ መሰለኝ። የአቤቱታውን ወረቀት በሁለት እጄ ተቀበልሁ፤ ፎቶ ተነሣሁ፤ ሰው አጨበጨበ። ፎቶው ተላከ። ባለሙያው እጅግ ሸጋ ነው ብሎ መልሶ ጻፈ።

ወረቀቱን የሚቀበለኝ ግን ጠፋ። ወደ ቢሮው ብወስደው ጉዳዩ በቦታው በተወካያችን በኩል ተስተናግዷል አሉና ፎቶዬን አሳዩኝ። ጋቢ ላይ የተቀመጠ፣ ኮት የለበሰ፣ አገር የሚያስተዳድር የሚመስል ሰው። አለቀ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ የለ? እኔ ደግሞ ራሴን ለማን እከሳለሁ? ወረቀቱን ቤት አምጥቼ ዳዊቴ ውስጥ አስገባሁት። በጸሎት ሰዓት በገለጥሁ ቁጥር ይወድቃል፤ አነሣዋለሁ፤ ላንብበው እልና እተወዋለሁ። ችግሩን አውቀዋለኋ።

ሰኔ ገባ። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ አባራና ከብርቄ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ጥቁር ውኃ ሲጮኽ ሰማነው። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ታያለች።

"አባ፣ ድልድዩስ?" አለችኝ።

ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው አልኋት። ወዲያው ምላሴን ነከስሁ። ልጄ ግን አልተቆጣችም። ረጋ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ አየችኝ።

"እንግዲያ ቀኑ ሲደርስ" አለች፣ "ምጡንም ወክሎ የሚያምጥልኝ ፈልግልኛ። ኮቱ እንደሆነ አለህ።"