ደንበኛዬን በሰው ፔጅ ላይ አገኘኋቸው

ቅናት የባልና የሚስት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካለ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ሚስትማ ብትኮበልል ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ። ደንበኛ ሲኮበልል ግን ማንን ትልካላችሁ? "እባክህ ወደ ቀድሞው ፀጉር አስተካካይህ ተመለስ" ብሎ ደጅ የጠና ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢኖር ኖሮ እኔ ሦስት ሽማግሌ አስከትዬ እሄድ ነበር።

ጌጃ ሰፈር ውስጥ የወንዶች ፀጉር ቤት አለኝ። ወንበሩ ሁለት ነው፤ መስታወቱ አንድ። ከበሩ በላይ ያለውን "ታደሰ ፀጉር ቤት" የሚል ታፔላ ፀሐይ ቢያደበዝዘውም፣ የማያውቀኝ ሰው ስለሌለ አላሳደስኩትም። "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም" የሚለው ተረት ሌባ ለገባበት ሰው የተነገረ እንጂ እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር። ጥሩ እጅ ያለው ሰው መጮህ ምን ያደርግለታል እል ነበር።

ከዚያ ኑረዲን ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ከፈተ። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚሁ ሰፈራችን ልብስ እየሰፉ ነው ያሳደጉት። ሰላምታው አይጓደልም፤ ክፉ ልለው ብፈልግ ምክንያት አጣበታለሁ። ይኸው ራሱ ያናድዳል። የምትቀኑበት ሰው ቢያንስ ባለጌ ሊሆንላችሁ ይገባል።

ቶንዶሱ ከኔ ቶንዶስ አይበልጥም፣ ዋጋውም ያው ነው። ነገር ግን ሰው ተስተካክሎ ሲነሣ በስልኩ ፎቶ ያነሣና፣ ከመቆረጡ በፊትና ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አድርጎ የፀጉር ቤቱ ፔጅ ላይ ይለጥፈዋል። ከሥሩ ሰው ሁሉ "አምሮብሃል" እያለ ይጽፋል፤ ኑረዲንም ለእያንዳንዱ ተቀምጦ ይመልሳል። በሁለት ወሩ ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሳይቀር ሰው ይመጣለት ጀመር። ወረፋው ከበሩ ሲያልፍ እኔ ባዶ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ ውስጥ እመለከት ነበር።

አንድ እሑድ ሚስቴ ጽጌ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ "እኚህ ጋሽ ተሾመ አይደሉም?" አለችኝ።

ናቸው። ጋሽ ተሾመ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ልደታ ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ በየሁለት ሳምንቱ ወደኔ ጎራ የሚሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኔ ሌላ መቀስ ያልነካቸው ሰው ናቸው። ከማጅራታቸው በላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ የማውቃት እኔ ነኝ። አሁን ኑረዲን ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈገግ ብለዋል። እኔ ጋ እንዲያ ፈገግ ብለው አያውቁም። ፎቶውን አጉልቼ ከጆሯቸው ዙሪያ እንከን ፈለግሁ። የለም።

"ቀናህ እንዴ?" አለች ጽጌ።

"ለጤናቸው አስቤ ነው። ምላጩን በአልኮል ይጥረገው አይጥረገው በምን አውቃለሁ?" አልኳት። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ተሾመ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ ጺማቸውን ብቻ እንድላጫቸው ጠየቁኝ። ፎጣውን አንገታቸው ላይ ሳስር ትንሽ ሳላጠብቀው አልቀረሁም።

"ፎቶዎን አየሁት" አልኳቸው።

ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ። "ሰው የጻፈውንስ አነበብከው?"

"አላነበብኩም። ጋሽ ተሾመ፣ እኔ ምን አጓደልኩ? እጄ ከበደዎት?"

"እጅህማ ከሱም ይሻላል" አሉኝ። "ግን ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አምሮብሃል ያለኝ ሰው አልነበረም። አንተም ስትጨርስ ትከሻዬን በፎጣ መታ መታ ታደርግና 'ተረኛ' ትላለህ። ያ ልጅ ፎቶ ላንሣዎት ሲለኝ አፍሬ ነበር። በኋላ የድሮ ባልደረቦቼ፣ የወንድሜ ልጆች፣ የማላውቀውም ሰው አምሮብዎታል አለኝ። ለይሉኝታ ብለውት ይሆናል። ቢሆንም ደጋግሜ አነበብኩት።"

ምላጩን እንደያዝኩ ቆምኩ። አዲስ ቶንዶስ ቢሆን ተበድሬም እገዛ ነበር፤ ዋጋ ቀንስ ቢሉኝም እቀንስ ነበር። ይኸኛው ግን ምንም የማያስወጣ ነገር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የነፈግኳቸውም እሱን ነው። ጺማቸውን ጨርሼ ፎጣውን ሳነሣ "አምሮብዎታል" ልል አፌን ከፈትኩ። ይህን ያህል ዘመን ያልተባለ ቃል ድንገት አይወጣም። "ጤና ይስጥልኝ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ጽጌ በበኩሏ አላስቀምጥ ብላ ፔጅ ከፈተችልኝ። ጋሽ ተሾመ በሚቀጥለው ጊዜ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሲመጡ እኔም ፎቶ አነሣኋቸው፤ ከግንባራቸው ጥቂት ጎድሎ የኔ አውራ ጣት ገብቶበታል። በአፌ ያቃተኝን በእጄ ጻፍኩት፤ "ጋሽ ተሾመ፣ አምሮብዎታል።"

ሁለት ሰው ላይክ አደረገው። አንዷ ጽጌ ናት። ሁለተኛው ኑረዲን ነው።

ኑረዲን በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፎቶውን ወስዶ ለራሱ ደንበኞች ሼር አደረገው፤ "እኔን በልጅነቴ የቆረጡኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። የኔ ወረፋ ሲረዝምባችሁ መንገዱን ተሻገሩ፣ እጃቸውን ታዩታላችሁ" ብሎ ጻፈ።

በዚያ ሳምንት አምስት አዲስ ሰዎች መጡ፤ አምስቱም "ኑረዲን ልኮን ነው" አሉ። ተጠንቅቄ ቆረጥኳቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም በአፌ "አምሮብሃል" አልኩ፣ አፌ ትንሽ ቢንተባተብም። ማዶ ያለው ልጅ በበሩ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ፤ እኔም አውለበለብኩ።

ቀድሞ የምቀናው በወረፋው ብቻ ነበር። አሁን ደግነቱንም ጨመርኩበት።