ጓድ ኢንዛይም እና የሊቀመንበሩ ግራ እጅ

በባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር በቆመ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይንስና አብዮት ያደረጉት ታላቅ ትብብር እስካሁን ሐውልት አልቆመለትም። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ በአቅሜ ላውሳው።

ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጡ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሊቀመንበር ጓድ ሣህሉ፣ እንግዳውን ደስ ካሰኙ ደብረ ማርቆስ ላይ ሹመት እንደሚጠብቃቸው ተነግሯቸዋል። ችግሩ፣ የእንግዳው ጥርስ ረግፏል፤ ለግብዣው ከሐሙሲት የመጣው በሬ ደግሞ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሲያርስ የኖረ ነው።

ከአጠገባችን ካለው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህሩ ቢያዝን ተጠራ።

«ያልበሰለ ፓፓያ ሲጫር ነጭ ወተት ያወጣል» አለ። «በውስጡ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ሥጋውን ትንሽ ቢቀቡት ይለሰልሳል። ዘመዶቹ በሕያው ነገር ሁሉ አሉ፤ በሰው ሆድ፣ በዓሣ፣ በሻጋታ ሳይቀር።»

«በሁሉ?» አሉ ጓድ ሣህሉ ዐይናቸው በርቶ። «እንግዲያ የሰፊው ሕዝብ ወገን ነው!»

ስብሰባ ተቀመጥን። ኢንዛይሙ ያለ አበልና ያለ ቅስቀሳ የሚሠራ ላብ አደር በመሆኑ «ጓድ» እንዲባል በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማልና፣ በግሽ አባይ ሰፈር ጓሮዎች ያለው ፓፓያ ሁሉ ተለቅሞ መጣ። ጓድ ሊቀመንበርም አርአያ ሊሆኑ፣ ፎቶግራፍ አንሺ አስቁመው ሥጋውን በገዛ እጃቸው ያሹ ጀመር። ቀኝ እጃቸው የበዓሉን ንግግር ወረቀት ስለያዘ በግራው ነበር።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ጓንት ያጥልቁ! የእርስዎም ቆዳ ፕሮቲን ነው» አለ ቢያዝን።

«እኔን ከበሬ ጋር ታስተካክላለህ?»

«እኔ አላስተካከልሁም፤ ኢንዛይሙ ነው።»

«ጓድ ኢንዛይም ወዳጅና ጠላቱን ይለያል!» አሉና፣ እያሹ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ንግግራቸው አጥሮ አያውቅም።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ግብዣ ላይ፣ ሥጋው ገንፎ ሆኖ ተገኘ። እንግዳው ግን በማንኪያ ቀመሱ፤ ደገሙ፤ አስጨመሩ።

«በዚህ ሁሉ ጉብኝቴ ለድዴ ያሰበ ሰው ገና አሁን አገኘሁ» አሉ።

ሹመቱ ደጅ ደረሰ። የቀረው መፈክር ብቻ ነበር።

«ግራ እጅ ወደ ላይ! አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!»

የሁላችንም ጡጫ ወጣ። የጓድ ሣህሉ እጅ ግን ቆዳው ተገሽልጦ፣ ጣቶቹ አብጠው አልጨበጥ አለ። በጡጫዎች መካከል አንድ የተዘረጋ መዳፍ ብቻውን ቀረ። አንጀቴን በላኝ፤ ጡጫዬን ግን አላወረድሁም።

«ያ ሰው ለምንድን ነው የማይጨብጠው?» አሉ እንግዳው ማንኪያቸውን አስቀምጠው።

«ምግቡን ሲያዘጋጁ ተጎድተው ነው» አለ ቢያዝን አዝኖላቸው።

«የምግቡ አሳብ የእሱ ነው?» አሉ እንግዳው።

ሁላችንም ባንድነት ወደ መምህሩ ጠቆምን።

ደብረ ማርቆስ የሄደው ቢያዝን ነው። ጓድ ሣህሉ በአቋም መላላት ተገምግመው ከሊቀመንበርነት ወረዱ። ጓድ ኢንዛይምም ጉዳዩ ተመርምሮ ከነሙሉ ክብሩ በነጻ ተለቀቀ፤ ሊቀመንበርና በሬ ሳይለይ በመሥራቱ፣ እኩልነትን በተግባር ያዋለ የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ ጓድ ሆኖ ተገኝቷልና።