የተቀለበ ኩላሊት

በእኛ አገር ሰው ለአንድ ትልቅ ነገር ሲዘጋጅ ቀድሞ የሚዘጋጀው ሆዱ ነው። መንገደኛ ስንቁ እስኪቋጠርለት ድረስ የስንቁን እጥፍ እዚያው ይበላል። ተማሪ ለፈተና ሲሄድ እናቱን የሚያስጨንቃት የፈተናው ክብደት ሳይሆን የቁርሱ ማነስ ነው። ሙሽራ ይበላል፤ አራስ ትበላለች፤ ለክርክር ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው እንኳ ባዶ ሆዱን ዳኛ ፊት ቢቆም ጥፋቱ የዘመዶቹ ነው። እናንተም ብትሆኑ ይህን ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው በልታችሁ እንደሆነ ሳይጠይቃችሁ አልቀረም። ካልጠየቃችሁ ብቻችሁን ነው የምትኖሩት ማለት ነው።

ልማዱን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ስበላበት ነው ያደግሁት። ልማዱ የሚቸገረው አንድ ነገር ሲገጥመው ብቻ ነው፤ በመብላት ሳይሆን ባለመብላት የሚዘጋጁለት ነገር ሲመጣ። እኔን የገጠመኝ እንዲህ ያለው ነበር። ኩላሊት ልሰጥ ነበር።

የተወለድሁት ደሴ ነው። መቐለ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ሲሆን፣ ተማሪዎቼ ምን ያህል እንደተማሩ ሳይታወቅ እኔው ትግርኛ ለምጄ ቀረሁ። ሓድነት በሚባለው ሰፈር ትርሓስ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱሪዬን አሳጥራ ስትመልስልኝ አንዱ እግር ከሌላው ይረዝም ነበር፤ እሱን ላስተካክል ስመላለስ ተጋባን። ሱሪው እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ትርሓስ ታመመች። እግሯ ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ስትመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ደሟን በማሽን ለመታጠብ በየሳምንቱ እየተመላለሰች መኖር ያዘች፤ ከማሽኑ ስትነሳ ፊቷ የታጠበ ሳይሆን የተጨመቀ ጨርቅ ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ ዘላቂው መፍትሔ ንቅለ ተከላ ነው አሉን። ያን ጊዜ አዲስ አበባ መሠራት ጀምሯል፤ ሰጪው ግን ወይ የሥጋ ዘመድ ወይ የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት። እናቷን ዕድሜ ከለከላቸው፤ ወንድሟን ስኳር በሽታ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ተመረመርሁ፤ ደማችን ተስማማ። ስንት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ጣቢያ እንኳ ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች በደም መስማማታችን ሁለታችንንም አስገረመን።

«እሰጣለሁ» አልሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ከሐኪሙ ክፍል ወጥተን ስንሄድ ዝምታው በዛብኝና አንድ ሰው አንድ ነገር መናገር ነበረበት። ትርሓስ የነጠላዋን ጫፍ ስታስተካክል ቆየችና «ሚኒባሱ እንዳያመልጠን» አለች። አዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘልን፤ እስከዚያ ድረስ ራሴን እንድጠብቅ ተነገረኝ። ሥራውን ግን ሰፈሩ ነጠቀኝ።

የመጀመሪያዋ ነጣቂ አማቴ ናቸው። አደይ ጸጋ ይባላሉ፤ አደይ በእነሱ አነጋገር «እናቴ» ማለት ነው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ከሆዱ ነገር የሚወጣበት ሰው ሆዱ መሙላት አለበት። «አራስ ከወለደች በኋላ ትበላለች፤ አንተ ግን ከመውለድህ በፊት ብላ፤ በኋላማ ማን ያውቃል!» አሉኝና ጋዓቱን፣ ያው በእኛ ገንፎ የምንለውን፣ መሐሉን አጎድጉደው በቅቤ ሞልተው አቀረቡልኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ለእኔ ጉዳይ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት፦ «ሳይቆረጥ ያልበላ ሲቆረጥ ይቆጨዋል።» ምን ተብሎ ይመለሳል?

ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ኣያ ሓጎስ መጣ። እሱ ደግሞ የበግ ኩላሊት ይልክልኝ ጀመር። «የሚጎድለውን ቀድመህ ተካ፣ መምህር» ይላል። እንደ መኪና መለዋወጫ መሆኑ ነው። የአገሬ ልጅ ሰይድ፣ የወሎው ጨርቅ ነጋዴ፣ «ሥጋችን ቢለያይም ማር ሃይማኖት የለውም» ብሎ አንድ ገንቦ ማር ይዞ ከተፍ አለ። ጊዜውም ከእኔ ጋር አልወገነም። ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ። ክርስቲያን ጎረቤት ያለው ሰው ለመክሳት ከፈለገ ከዚህ የከፋ ወቅት አይመርጥም።

በማዕዱ ማዶ ትርሓስ ትቀመጣለች። እሷ ድንች ተከልክላለች፤ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ጨው ተከልክላለች፤ ውኃ የምትጠጣው በልክ ነው። አንዱ መብላት የማይችልበት፣ ሌላው መብላት ማቆም የማይችልበት ገበታ ነበር። እንዲያም ሆኖ የሚጎድለኝን የምትጨምርልኝ እሷ ነበረች። «ጨምር እንጂ፤ ለእኔ ስትል» ትለኛለች። ለእሷ ስል እጨምራለሁ።

ለክትትል ስሄድ የምታየኝ ሐኪም መዘነችኝ፤ የደም ግፊቴን ለካች፤ እንደገና ለካች።

«መምህር፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«የሚሰጠኝን ሁሉ።»

አልሳቀችም። ከእንግዲህ በአንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ግፊቱ እንዲህ ከወጣ አዲስ አበባ አይቀበሉትም፤ ይመልሱታል። ተመላሽ ከሆንሁ የትርሓስ ተራ ያልፋል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም፤ የትርሓስ ልብ ደግሞ እየደከመ ነው። ይህን ሁሉ በቀስታ ነገረችኝ። ከዚያ ቅቤ፣ ጨውና ሥጋ ከልክላ፣ በየጠዋቱ በእግሬ እንድሄድ አዘዘችኝ።

ለአደይ ጸጋ ስነግራቸው ሳቁ። «ልጅ ናት፤ ረሃብ አላየች» አሉ ስለ ሐኪሟ። «እንካ፣ ብላዕ ወደይ»፤ ብላ ልጄ ማለታቸው ነው። አልበላም አልሁ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። እንግዲህ አንድ ሰው በነጋ በጠባ ሲበላ ኖሮ ድንገት እጁን ከሰበሰበ ምን ይባላል? ፈርቷል ይባላል። የፈራ ሰው ምግብ አይወርድለትም። አማቴ ጋዓቱን ከድነው ይዘውት ተመለሱ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

የእግር ጉዞውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሓድነት ውስጥ በጠዋት መራመድ አይቻልም፤ በየበሩ ቁርስ አለ። «ደሓን ሓዲርካ» ከሚል ሰላምታ እስከ ጉርሻ ያለው መንገድ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ሰሜን በሚኒባስ እየሄድሁ፣ ከዚያ በውቅሮ መንገድ ከከተማው ወጣ እያልሁ መራመድ ጀመርሁ። ስፖርት ጫማ፣ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ፣ ፈጣን እርምጃ። አንድ ቀን በግ የጫነ አይሱዙ ከፊት ለፊቴ መጥቶ አለፈ። ከጋቢናው ውስጥ ኣያ ሓጎስ አንገቱ እስኪዞር ድረስ ሲያየኝ አየሁት። እጄን አወዛወዝሁለት። ባላወዛውዝለት ይሻል ነበር፤ የስንብት መስሎታል።

በማግስቱ ሽማግሌ ተላከብኝ።

ሽማግሌ ስል የምትገምቱት ዓይነት ነው፤ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ወሰን የሚያካልሉ። ሰውን ከገዛ ኩላሊቱ ጋር ለማስታረቅ ሲላኩ ግን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ዋናው አቦይ ገብረሕይወት ናቸው፤ ሠርጋችንን የመረቁ አዛውንት። ኣያ ሓጎስ ምስክርም ሽማግሌም ሆኖ ተከትሏል። አደይ ጸጋ ምግብ ይዘው ገቡ። ጥሕሎ ነው፤ የገብሱ ድብልብል ክብ ክብ ሆኖ ተደርድሯል፣ መሐሉ ላይ የሥጋ ወጡ ቅቤው ተንሳፍፎበት ይንተከተካል። እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም። ሳህኑ ቀጥ ብሎ እኔ ፊት ተቀመጠ።

«ነገርን ከሥሩ» አሉ አቦይ ገብረሕይወት። «መምህር፣ ኩላሊትህ የአንተ ነው። አልሰጥም ብትል እግዚአብሔርም አይፈርድብህም። ግን ወንድ ልጅ በሩን ከፍቶ ነው የሚሄደው እንጂ በውቅሮ መንገድ ተደብቆ አይወጣም።»

«እየተራመድሁ ነበር፣ አቦይ። ሐኪም አዝዞኝ።»

«ማን አሳድዶህ ነው እንደዚያ የምትራመደው?» አለ ኣያ ሓጎስ። «ቦርሳም ይዘህ ነበር እኮ!»

«ውኃ ነው ያለበት።»

«ለሩቅ አገር ነዋ!»

«ታዲያ ሐሳብህን ካልለወጥህ» አሉ አደይ ጸጋ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ እያደረጉ፣ «ብላ። ሽማግሌው ፊት ብላና ልቤ ይረፍ።»

ይታያችሁ። ኩላሊቱን እንደምሰጥ ለማሳመን መብላት አለብኝ። ኩላሊቱን ለመስጠት መብላት የለብኝም። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ፈተና ለተማሪ አውጥቼ አላውቅም። ጥሕሎውን ሹካ በሆነው እንጨት ወጋሁት፤ ወጡ ውስጥ ነከርሁት፤ አነሳሁት። ቅቤው ጠብ ጠብ ይላል። አማቴን አየሁ፤ ሽማግሌውን አየሁ።

«ይብላ፣ ተዉት» አለች ትርሓስ ከጥግ። «እኔም እንዲበላ ነው የምፈልገው።»

ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ሁላችንም ዞርን።

«ሐኪሟ ከመናገሯም በፊት አውቅ ነበር» አለች። «ማሽኑ ላይ አጠገቤ የምትተኛዋ ሴት ነግራኛለች፤ ባሏ በግፊት ነው የተመለሰባት። እኔ ታዲያ ጨምር፣ ጨምር እያልሁ… እንዲመልሱት ነው ያበላሁት።»

«ዋይ ኣነ!» አሉ አደይ ጸጋ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ለምን?»

«እኔ ብሞት አንድ ሰው ነው የሚሞተው፣ አደየ። እሱን ቢላ በልቶት እኔም ባልተርፍስ? እምቢ፣ አትስጠኝ ብዬ ብለምነው አይሰማኝም፤ ግትር ነው። ሐኪም እምቢ ሲለው ግን ይሰማል ብዬ ነው።»

አቦይ ገብረሕይወት ለረጅም ጊዜ በዱላቸው ወለሉን ቆፈሩ። የመጡት ሰጪውን ሊለምኑ ነበር፤ የሚለመነው በሌላ በኩል ተገኘ። በስንት ዓመት ሽምግልናቸው አስቸጋሪ ባል፣ ክፉ አማት፣ ወሰን ገፊ ጎረቤት አይተዋል፤ አልቀበልም ብላ ባሏን በቅቤ የምትመክት ሴት ግን አልገጠመቻቸውም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ፣ ወደይ?»

ጥሕሎው አሁንም በእንጨቱ ጫፍ ላይ ነው።

«እኔ በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ኩላሊት ይዤ ብቻዬን መኖር አልችልም» አልሁ። «ምን አደርግበታለሁ?»

ትርሓስ ተነሳች፤ ትንፋሽ እያጠራት ግድግዳውን ተደግፋ መጣች። እንጨቱን ከእጄ ወሰደች። ሳህኑን ከፊቴ አንስታ ኣያ ሓጎስ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። እሺታዋ ይኸው ነበር። ሽማግሌው መረቁ። እርቅ ያለ ማዕድ ስለማይጸና እነሱ በሉ፤ እኔ ተመለከትሁ። ኣያ ሓጎስ፣ በውቅሮ መንገድ ስሜን ያጠፋው እሱ ስለሆነ፣ በንስሐ መንፈስ የእኔንም ድርሻ በላ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አደይ ጸጋን የሚያውቅ ይገምተዋል። ቅቤውን ያመጡ እጆች ቅቤ ከልካይ ሆኑ። ከቤተ ክርስቲያን በር ጀምሮ እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ «ለአማቼ ጉርሻ የሰጠ ልጄን የገደለ ነው» ብለው አወጁ። ኣያ ሓጎስ ሥጋ ልግዛ ብዬ ብሄድ እንኳ አልሸጥልህም አለኝ። የሰይድ ማር ተወርሶ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በየጠዋቱም በውቅሮ መንገድ ላይ አማቴ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊቴ ይቀድሙኛል፤ ቆም ብለው «ፍጠን እንጂ፣ እንታይ ኮይንካ፣ ምን ሆነህ!» ይሉኛል። ግፊቴ ወረደ። ይውረድ አይውረድ የመምረጥ መብት አልተሰጠውም።

አዲስ አበባ ስንደርስ ምርመራውን ሁሉ አለፍሁ። የመጨረሻው መርማሪ ሐኪም ሳይሆን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ትሑት፣ መነጽር ያደረገ ወጣት። ትርሓስ ውጭ እንድትጠብቅ ተደረገ፤ በሩ ተዘጋ። ሕጉ ነው አለኝ፤ ሰጪ ሁሉ ለብቻው ይጠየቃል።

«በነጻነት ይንገሩኝ» አለ። «በዚህ ጉዳይ ላይ ከቤተሰብ፣ ከዘመድ፣ ከጎረቤት ያስገደደ ሰው አለ?»

አሰብሁበት። መዋሸት አልፈለግሁም።

«አለ» አልሁት። «አማቴ አሉ፤ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ሥጋ ሻጩም አለበት፤ ሰፈሩ በሙሉ ማለት ይቻላል።»

ብዕሩን አነሳ፤ ፊቱ ከበድ አለ። «ኩላሊት እንዲሰጡ አስገደዱዎት?»

«እኔንማ ማን አስገደደኝ» አልሁት። «እሷን ነው፤ እንድትቀበል።»

ብዕሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦም አየው። ለዚያ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።