ነጠላውን ያዘቀዘቀው ሰው

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲቃረብ፣ ዳኛ ትርሲት ቢሮዋ ወንበር ላይ ሸለብ አደረጋትና ዓለም ተገልብጣ አየች። ቢያሸልባትም አይፈረድባትም፤ የሞላልኝ ይግባኝ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ሞላልኝ በነፍስ ግድያ ሃያ ዓመት የተፈረደበት ሰው ነው። ማስረጃው አንዲት ጎረቤት ናት፤ ሲመሻሽ በአጥሯ ቀዳዳ ገዳዩን አይታ፣ «ፊቱን ባላይም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ወንድሙ የሞተበት ሞላልኝ ነው» ብላ ምላለች።

በሕልሟ ሞላልኝ ጥቁር ካባ ለብሶ ከላይ ተሰይሟል፤ ይግባኙን የሚያዩት ሦስቱ ዳኞች፣ ትርሲት ጭምር፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከታች ቆመዋል። የተገደለው ሰውዬ ከሕዝቡ መሀል ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ችሎት አስከባሪው አህያ ነበር፤ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ያየ ሰው ይውጣልን፤ እዚህ የሚመሰክረው ያላየ ብቻ ነው» አለ።

ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ። ሟቹም ተከትሎ ሊወጣ ተነሳ።

«አንተ ደግሞ ምን አየህና?» አለው አህያው።

«ኧረ ምንም። ከኋላዬ ነው የመታኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ትርሲት ንድድ አላት። «በሕግ አምላክ፣ ሞላልኝ ገድሏል ወይስ አልገደለም? ይነገረኝ» አለች።

«እሱን የምትነግሪን አንቺ ነሽ» አላት ሞላልኝ ከላይ ሆኖ። «መጀመሪያ ግን እናትሽን ለይተሽ አሳዪን። ከሳትሽ ሃያ ዓመቴ ይጸናል።»

ግድግዳው ተከፈተና ቀብር ሆነ። ለቀስተኛው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ትርሲት ቅንጣት አልተጠራጠረችም። የአንዲት ጎበጥ ያለች ለቀስተኛ ትከሻ ጨብጣ፣ «ይቺ ናት» አለች።

«ትምያለሽ?»

«እናቴን ላጣት ነው እንዴ? እምላለሁ።»

ለቀስተኛዋ ዞር ስትል ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ሆኑ። እናቷ ከወዲያ ጥግ፣ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ነኝ፤ ደግሞ ምን አስማለሽ?» አለቻት። ትርሲት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ባንና ነቃች። ሰብሳቢው ዳኛ፣ ጋሼ ፈለቀ፣ ብዕር ዘርግተው ፊቷ ቆመዋል፤ ሌላው ዳኛ ከኋላቸው ኮቱን ይለብሳል።

«ፈርሚ እንጂ ትርሲት» አሉ ጋሼ ፈለቀ። «እኛ አጽንተነዋል። ምስክሯ በዓይኗ ያየች ናት።»

«ያየችው ነጠላ ነው፣ ጋሼ። ያን ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ከሞላልኝ ወንድም ቀብር እየተመለሰ ነበር። ያላዘቀዘቀ ማን ነበር?»

ጋሼ ፈለቀ ሰዓታቸውን አዩ።

«ቢሆንም ሁለት ለአንድ ነን። የልዩነት ሐሳብሽን ጫር ጫር አድርጊና እንውጣ፤ ሰርቪሱ እየጠበቀን ነው።»

ትርሲት ብዕሩን አልተቀበለቻቸውም። ተነስታ ወንበሯን እየጎተተች ወሰደችና በሩን ዘግታ ተቀመጠችበት።

«መዝገቡን ከመጀመሪያው እናነባለን» አለች። «ሞላልኝ ሃያ ዓመት ከሚቀመጥ፣ እናንተ እስኪመሽ ብትቀመጡ ምንም አትሆኑም።»