ዶሮዋ ከፎቶው ትውጣ

(ጥቅምት 2008 ዓ.ም.፣ ዲላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ሰሌዳው ላይ «ዩኒቨርሳል ሳይበር ሶሉሽን» የሚል አንድ ጠባብ ቤት። ውስጡ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ባለቤቱ መላኩ ብቻ ነው። መላኩ ሐዋሳ ሄዶ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወስዶ ከመጣ ወዲህ «ኢንጂነር» ካላሉት ዞር ብሎም አያይ። ከጎኑ ዱካ ላይ የተቀመጡት እትዬ ወርቂቱ ናቸው፤ አጥር የሚጋራው የስምንት ክፍል ፔንሲዮን ባለቤት። ስክሪኑ ላይ የፔንሲዮኑ ፎቶ ተከፍቷል፤ ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

መላኩ፦ ዶሮዋ ከፎቶው ትውጣ አልኩ፣ ትውጣ!

ወርቂቱ፦ ምን አጠፋች? ደረጃው ላይ አርፋ ተቀምጣለች።

መላኩ፦ ዓለም አቀፍ ፔንሲዮን ደረጃ ላይ ዶሮ አይቀመጥም!

ወርቂቱ፦ ያንተው ዶሮ እኮ ናት፣ መላኩዬ።

መላኩ፦ (ወደ በሩ እየገላመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ኧረ ቀስ ይበሉ እትዬ! ኢንጂነር ዶሮ ያረባል ይባል?

ወርቂቱ፦ እንቁላሏን ስትበላ ኢንጂነርነትህ የት ሄዶ ነበር? ፎቶውን እንግዳዬ ደስ ብሏት ያነሳችው ነው። አንተ ግን ካልክ ትውጣ። እኔን የጨነቀኝ ሰኞ ነው።

መላኩ፦ ሰኞ ምን አለ?

ወርቂቱ፦ አንድ ነጋዴ ግቢውን ለጆንያ መጋዘን አከራዪኝ ብሎ መልስ የሚጠብቀው ሰኞ ነዋ! ዋናው መንገድ ላይ አዲሱ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ በሳምንት አንድ እንግዳ ካገኘሁ እግዜር ይመስገን ነው። ሃያ ዓመት ሰው የተቀበልኩበት አልጋ ላይ ጆንያ ሊተኛ ነው። ጆንያ ደግሞ «እንዴት አደርክ» ቢሉት አይመልስ!

(መላኩ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ገበያ ከዋለች ቆጮ የሚያበሉት እኚህ ሴት ነበሩ። ያ ግቢ መጋዘን ሲሆን ማየት አይችልም። ይህን እንዳይናገር ግን ኢንጂነር ነው።)

መላኩ፦ እትዬ፣ ዌብሳይት ሠርቼልዎታለሁ። ሰኞ ሳይደርስ ዓለም በሙሉ ያገኝዎታል።

ወርቂቱ፦ ያ ደላላ ያውቀናል በለኛ።

መላኩ፦ የቱ ደላላ?

ወርቂቱ፦ ጎግል የምትለው።

መላኩ፦ ጎግል ደላላ አይደለም! ስንት ጊዜ ልንገርዎት?

ወርቂቱ፦ ሰው አልጋ ሲፈልግ እሱን ይጠይቃል አላልክም? እሱ ደግሞ ቤቱን ይጠቁማል። ታዲያ ደላላ ሌላ ምን ይሠራል?

መላኩ፦ አልጎሪዝም ነው!

ወርቂቱ፦ እሱ የክርስትና ስሙ ይሆናላ።

መላኩ፦ ኧረ በስማም! ደላላ ኮሚሽን ይበላል፤ ይሄ ከጠያቂው ሰባራ ሳንቲም አይወስድም።

ወርቂቱ፦ በነጻ የሚሠራ ከሆነማ የሚኖረው በስሙ ነው። አንዴ የውሸት ቤት ካሳየ ሁለተኛ ማን ይጠይቀዋል? መናኸሪያ ያሉትን አታያቸውም?

መላኩ፦ ተዉት እትዬ፣ ረቂቅ ነገር ነው። ይልቅ አንድ ምስጢር ላሳይዎት። ከገጹ ግርጌ «ሆቴል» የሚለውን ቃል ሦስት መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ወርቂቱ፦ (አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ አጎንብሰው) የታለ? አይኔ ነው እንዴ?

መላኩ፦ አይታይም! ነጭ በነጭ ነው የጻፍኩት። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያነበው። «ይሄ ሁሉ ሆቴል!» ብሎ ይደነግጥና ወደ ላይ ያወጣናል።

ወርቂቱ፦ ማር ሻጭ «ማሬ ንጹህ ነው» ብሎ አንዴ ካለኝ እቀምስለታለሁ። ሦስቴ ካለኝ እጠረጥራለሁ። ሦስት መቶ ጊዜ ካለኝ ግን፣ ያውም ተደብቆ፣ «ስንት ኪሎ ስኳር ጨመርክበት?» ነው የምለው።

መላኩ፦ ማሽን እንደ እርስዎ አይጠረጥርም።

ወርቂቱ፦ ይሁን። በል ስለ ቤቴ የጻፍከውን አንብብልኝ።

መላኩ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ዜና አንባቢ) «ግሎባል ስታር ኢንተርናሽናል ፔንሲዮን! በአፍሪካ ቀንድ እምብርት ላይ የተንጣለለ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውሃ የማይቋረጥበት፣ የራሱ መዋኛ ገንዳ ያለው...»

ወርቂቱ፦ ደስ ሲል! የማን ቤት ነው?

መላኩ፦ የእርስዎ ነዋ!

ወርቂቱ፦ የኔ ቤት ወርቂቱ ፔንሲዮን ነው። ገንዳው የቱ ነው?

መላኩ፦ ጓሮ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ትልቁ በርሜል አለ አይደል?

ወርቂቱ፦ እሱ ውስጥ ማን ይዋኛል? አምና ያቺ ዶሮህ ወድቃ በስንት መከራ አወጣናት!

መላኩ፦ ማስታወቂያ ላይ ትንሽ ይጋነናል።

ወርቂቱ፦ ዲላ የሚለውስ?

መላኩ፦ ዲላ የሚል የለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ወርቂቱ፦ ለምን?

መላኩ፦ ዲላ ካልንማ ትንሽ ከተማ መሆናችንን ያውቁብናል!

ወርቂቱ፦ እንግዳው የሚመጣው ግን ወደ ዲላ ነው።

መላኩ፦ ሲደርስ ይነገረዋላ! አሁን ዝም ብለው ይዩ። (ቁልፎቹን በሁለት ጣቱ ይወቃል፤ ኔትወርኩ ያዛጋል፤ በመጨረሻ የጎግል ዝርዝር ይከፈታል።) ይኸው! አንደኛ! ከላይ ማን አለ? ግሎባል ስታር!

ወርቂቱ፦ (እልል ሊሉ መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ ያቆማሉ።) ቆይ እንጂ። አንደኛ ከሆንን ስልኬ ምነው ዝም አለ?

መላኩ፦ ዓለም ገና እየነቃ ነው።

ወርቂቱ፦ አንተ ግን ገጹን በቀን ስንት ጊዜ ትከፍተዋለህ?

መላኩ፦ (በኩራት) መቶ ጊዜ! ኮምፒውተሩ እንዲለምደን።

ወርቂቱ፦ ለምዶሃላ! አንተ ምን እንደምትወድ አውቆ ለአንተ እያቀረበልህ ነው። የገዛ በርህን ራስህ እያንኳኳህ «እንግዳ መጣ» ትላለህ? እንካ፣ ይሄን ልጄ የላከችልኝን ስልክ ሞክረው።

መላኩ፦ ምን ችግር አለው። (በስልኩ «ምርጥ ኢንተርናሽናል ፔንሲዮን» ብሎ ይጽፋል። ይጠብቃል። ፈገግታው ቀስ እያለ ይሟሽሻል።)

ወርቂቱ፦ ስንተኛ ነን?

መላኩ፦ እየቀረብን ነው።

ወርቂቱ፦ የት ደረስክ?

መላኩ፦ ናይሮቢ።

ወርቂቱ፦ አሁንስ?

መላኩ፦ (ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ) ዱባይን አለፍኩ። አሁን ኩዋላ ላምፑር ነኝ።

ወርቂቱ፦ ኧረ ተመለስ ልጄ! በዚህ አያያዝህ ለሰኞም አትደርስ። እስቲ «ዲላ» ብለህ ሞክረው።

መላኩ፦ እትዬ፣ ሥራዬን ለእኔ ይተዉልኝ!

(በእጁ እንደያዘው ስልኩ ጮኸ። መላኩ ደንግጦ ለእትዬ ወርቂቱ አቀበላቸው። እሳቸውም ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ከፈቱት።)

ገሪማ፦ (በስልክ) ሃሎ፣ ገሪማ እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነው። ቡና ገዢዎች የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ዲላ እያደርን ቡናው ወዳለበት ወደ ኮንጋ ልንመላለስ ነውና እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስድስት ክፍል ይገኛል?

መላኩ፦ (ከመቀመጫው ዘሎ) ሠራ! አላልኩም? ሠራ! (ስልኩን ከእጃቸው ይነጥቃል።) ክቡር ደንበኛችን፣ ወደ ግሎባል ስታር ኢንተርናሽናል እንኳን ደህና መጡ! መዋኛ ገንዳችን...

ገሪማ፦ ውይ ይቅርታ ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው የደወልኩት። እኔ የፈለግኩት ወርቂቱ ፔንሲዮንን ነው። በል ቻው...

ወርቂቱ፦ (ስልኩን መልሰው እየነጠቁ) አልተሳሳትክም ልጄ! እንዳትዘጋው! ወርቂቱ እኔ ነኝ! እሱን ተወው፣ ጎረቤት ነው።

ገሪማ፦ እፎይ! ዶሮዋ ደረጃ ላይ የተቀመጠችበት ቤት ናችሁ አይደል?

(መላኩ ዞሮ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ዶሮ አያት።)

ወርቂቱ፦ ነን፣ አለች፣ ደህና ናት። ማን ጠቆመህ?

ገሪማ፦ ጎግል ላይ «ዲላ፣ አልጋ፣ መኪና ማቆሚያ» ብዬ ስጽፍ ካርታው ላይ ከነፎቶው ወጣችሁ። «ዲላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። መኪና ግቢ ይገባል። ሙቅ ውሃ ጠዋት ብቻ ነው፤ ማታ የለም፣ አልዋሽም» ይላል። ሌላው ቤት ሁሉ «ሃያ አራት ሰዓት» ይላል፤ ገብተን ስናየው ሳሙና ተቀብተን ነው የምንቀረው። ማታ የለም ያለ ሰው ጠዋት ይኖረዋል ብዬ ነው።

ወርቂቱ፦ ይኖራል! ስድስቱንም ክፍል ይዤልሃለሁ። (ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ አይናቸው እንባ አቅርሮ) ሰኞ ለባለ ጆንያው «ክፍል የለም» ነው የምለው!

መላኩ፦ (በቀጭን ድምፅ) እትዬ፣ ያንን ማን ጻፈው?

ወርቂቱ፦ ሀዲጃ ናታ፤ ያቺ ባለፈው ወር እኔ ጋ ያረፈችው ቡና ቀማሽ። ፎቶውንም ያነሳችው እሷው ናት። «ቤትዎን ካርታው ላይ ላስመዝግብልዎት፤ ለመሆኑ ሰው ሲደውል ምን ምን ይጠይቅዎታል?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠየቁኝን አንድ ባንድ ነገርኳት። እሷም እንዳለ ጻፈችው።

መላኩ፦ ታዲያ ለኔ ለምን አልነገሩኝም?

ወርቂቱ፦ ከጠዋት ጀምሮ ደላላ አለ፣ ደላላ አለ እያልኩህ! አንተ የተማርክ ነህ፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር ታውቃለህ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የሰማሁህ።

ገሪማ፦ (ከወርቂቱ ደረት ላይ፣ በታፈነ ድምፅ) ሃሎ? እትዬ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ብዙ የምናባዛው ወረቀት አለን፤ አጠገባችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ? ጎግልን ብጠይቀው መናኸሪያው አካባቢ አንድም የለም አለኝ።

(መላኩ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ወጣና ሰሌዳውን አንጋጦ አየው። ዩኒቨርሳል አለ። ሳይበር አለ። ሶሉሽን አለ። ፎቶ ኮፒ የሚል የለም። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰሌዳ ሥር ሲገባና ሲወጣ አንድ ቀን አላሰበውም፤ አፈረ። ሲመለስ እትዬ ወርቂቱ ስልኩን ዘርግተው ጠበቁት።)

ወርቂቱ፦ በል ኢንጂነር፣ ሰውየው ይጠይቅሃል።

መላኩ፦ (ስልኩን ተቀብሎ፣ እንደ ተማሪ) አለ፣ ጌታዬ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ዲላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከእትዬ ወርቂቱ ቤት ቀጥሎ። ከለር አይሠራም... አልዋሽም።

ገሪማ፦ ጎሽ! በምን እናውቀዋለን?

(መላኩ ወርቂቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ በኋላ ደረቱን ነፋ።)

መላኩ፦ ፎቶው ላይ ያለችውን ዶሮ አይተዋታል? ባለቤቷ እኔ ነኝ።