ከሚሴ የተከራከረበት ተረከዝ

ሐሜተኛ ናት ይሉኛል። ሐሜተኛ አይደለሁም፤ አያለሁ እንጂ። ያየሁትን ብቻዬን ይዤ ስቀመጥ ደግሞ ሆዴን ይነፋኛል፤ ስለዚህ አካፍላለሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ሽንኩርት ይበዳደር የለ? ወሬም እንደዚያው ነው። እናንተስ ብትሆኑ ይህን ማንበብ የጀመራችሁት የሰው ጉዳይ ልትሰሙ አይደል? እንግዲህ አንተዛዘብ።

ማየት ግን ልክ አለው። የእኔ ልክ አጥር ነው። ከአጥር ወዲህ ቆሜ ወዲያ ስመለከት የሚያመልጠኝ የለም። ማን ከማን እንደተኮራረፈ ከልብሱ አሰጣጥ፣ ማን ልጁን ሊድር እንዳሰበ ከግድግዳው መቀባት፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት ከዶሮው መጥፋት አውቃለሁ። አስጠግተው አፍንጫዬ ሥር ቢያደርጉልኝ ግን የገዛ ነገሬን እንኳ እንደማላውቀው ያሳየችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ የጎረቤቴ የሀጅ እንድሪስ የእህት ልጅ፣ ነኢማ።

ሀጅ እንድሪስ እህል ነጋዴ ናቸው። አንድ እፍኝ ማሽላ ይዘው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚነግሩ ሰው ናቸው። ነኢማን ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። እናቷ ራህመት፣ አላህ ይዘንላት፣ ለእሳቸው ታናሽ እህት፣ ለእኔ የመንገድ ጓደኛ ነበረች። ሁለታችን የወተት ቅል ተሸክመን ከጨፋ ሜዳ ከሚሴ ገበያ በእግራችን እንመላለስ ነበር። ጫማ ነበረን፤ እንዳያልቅብን በእጃችን እንይዘዋለን፣ ከተማ ስንገባ እናደርገዋለን። ራህመት ልጅቷ ገና ነፍስ ሳታውቅ ሞተች። ወንድሟ ሕፃኗን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሲገቡ በአጥር በኩል አይቻለሁ። ያን ቀን ለማንም አላወራሁም።

ነኢማ አድጋ፣ ተምራ፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። ሴት ልጅ ስልክ ስትፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብሎኖቹን እንደ ምስር ነው የምትለቅማቸው።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ከሚሴ በሙቀት ዝም ባለችበት ሰዓት፣ ውሻ እንኳ ለመጮህ በሚሰንፍበት ሰዓት፣ እኔ እንደ ልማዴ አጥሬ ጋ ነበርኩ። ነኢማ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ግንባሯ አፈር ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። እጇ ላይ አንድ ነገር አለ። ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፣ ትቆያለች፣ ትለቃለች። ከዚያ ከኪሷ አንዲት ፍሬ ማሽላ አወጣች። አንዲት! ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ጎንበስ ብላ አጠገቧ ማንጎራጎር ጀመረች።

አስተግፊሩላህ! እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? በእኔ አጥር ሥር፣ በቀትር፣ ለአንዲት ፍሬ ማሽላ የሚንጎራጎርላት ለምንድን ነው? ድግምት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለፋጤ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም ለምትሸጠው። ፋጤም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች። እንዲህ አንድ አንድ እየተባለ አሱር ሳይሰገድ ወሬው የሀጅ እንድሪስ መጋዘን ደጃፍ ደረሰ።

አመሻሹ ላይ የሀጅ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እኔ አላዳመጥኩም፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነበር።

«ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ፎቶ ሳነሳ።»

«የምን ፎቶ?»

«የማሽላ።»

«ማሽላ ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ የሚነሳው? መጋዘን ሙሉ አለልሽ፣ ሂጂና እዪው! ለማን ነው? ምን ያደርግልሻል?»

 የሳቸው ድምፅ ዝቅ አለ፤ ሀጅ እንድሪስ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ስልኩን አምጪ። ከነገ ጀምሮ ሱቅ የሚባል የለም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነኢማ በሬ ላይ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም፤ እሱ ባሰኝ።

«አዴ ዘሀራ፣ አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑ?»

«ከአንቺ አጥር በኩል የሚያየኝ ሌላ ማን አለ?»

«ድግምት መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

«በማሽላ?»

«በምን እንደሚሠሩት እኔ ምን አውቃለሁ!»

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ለካ ልጅቷ ትዘፍናለች። ክፍሏ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ድምጿን በስልክ ቀድታለች፤ ደሴ ያለች ጓደኛዋ ክራር ጨምራበታለች። የቀራት ፎቶ ብቻ ነው። ዘፈን ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ፊት ለፊቱ ስዕል ይዞ ነውና። ሌላው ዘፋኝ ፊቱን ይለጥፍበታል፤ ወርቅ አድርጎ፣ የሰው መኪና ተደግፎ። እሷ ፊቷን ማውጣት አትችልም።

«ሀጅ ይቆጡሻል?» አልኳት።

«ቁጣቸውንማ ለምጄዋለሁ። ያፍራሉ ብዬ ነው። ያሳደገኝ ሰው መስጊድ በር ላይ አንገቱን ሲደፋ ማየት አልችልም። እንዳልተወው ደግሞ ዘፈኑ ስለ እናቴ ነው።»

ዘፈኑም ፎቶዎቹም ያሉት በዚያ ሀጅ በቀሙት ስልክ ውስጥ ነው። ከፍተው ቢሰሙት አለቀ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ነጠላዬን ሳላስተካክል ተነሣሁ።

ሀጅ እንድሪስን መጋዘናቸው በር ላይ አገኘኋቸው። «ሀጅ፣ ልጅቷን የላክኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማሽላዬን ነቀዝ ገብቶበት፣ ለግብርና ባለሙያው የማሳየው ፎቶ አንሺልኝ ብያት ነው።»

«ነቀዝ ለማየት ፎቶ? ለእኔ ብታሳዪኝ አይበቃም ነበር?»

«ለአንቱማ ካሳየሁ ዋጋ ይቀንሱብኛል።»

ሳይወዱ ሳቁ። «ድግምት ብሎ ያወራውስ ማነው?»

«የሰው አፍ!» አልኳቸው፤ ፊቴ አልቀላም። ወላሂ አላልኩም፤ ያን ያህል አልተዳፈርኩም። ረዘም አድርገው አዩኝና ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነኢማ ፎቶዎቹን ያሳየችኝ። ከሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ምስር የምታክል መስታወት አውጥታ፣ በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ቆንጥጣ፣ ስልኳ ዓይን ላይ ለጥፋታለች። በመስታወቷ በኩል ያ አንድ ፍሬ ማሽላ ከተራራ ጀርባ የወጣ ጨረቃ ሆኗል። ከባቲ የመጣ የጨው ስባሪ በረዶ የለበሰ አገር መስሏል። ጉንዳኑማ! ፊቱ ቁርጥ የቀድሞ ባሌ ነው፤ ያው ኩርፊያ፣ ያው ጢም። ትንፋሿን የምትውጠው ለካ ፎቶው እንዳይደበዝዝ ነው። ያን ያህል ተጠግተሽ ስታነሺ የልብ ምት እንኳ ይረብሻል አለችኝ። ማንጎራጎሯስ? የትኛው ምስል ከዘፈኑ ጋር እንደሚሄድ እየሞከረች ነበር።

«አንዱም አልሄደም» አለች። «ዘፈኑ ስለ እናቴ መንገድ ነው። የእሷ ፎቶ ደግሞ አንድም የለኝም።»

አሰማችኝ። በአማርኛ ጀመረችው፣ መሀል ላይ በኦሮምኛ እናቷን ትጠራለች። እኛስ ስናወራ እንደዚያው አይደለን? የቅሉን ክብደት፣ በእጅ የተያዘውን ጫማ፣ ሁሉንም አስገብታዋለች። ይህን ማን ነገራት? ሀጅ ነግረዋታል። እኔ ወሬኛዋ ስለ እናቷ አንድ ቀን አውርቼላት አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ማን ሳወራ እንደኖርኩ እንጃ።

ማልቀሴን እንዳታይብኝ ለዙሁር ውዱእ ላድርግ ብዬ ተነሣሁ። እግሬን ድንጋዩ ላይ አውጥቼ ውሃ ሳፈስበት ነኢማ ዓይኗን ተረከዜ ላይ ተክላ ቀረች። የባለፈው አረፋ ሂና ፊቱ ላይ ለቆ ንቃቃቱ ውስጥ ጠቁሮ ቀርቷል። ስንጥቁማ ሳንቲም ይውጣል።

«አዴ፣ እንዳትንቀሳቀሺ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«እግርሽን ስጪኝ።»

«ይሄን ጉድ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «የእናቴም እንዲህ ነበር?»

«የሷ ይብስ ነበር» አልኳት።

በሆዷ መሬት ላይ ተኛች። በአንድ እጇ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ተረከዜ ትመልሳለች፣ በሌላው ስልኩን ይዛለች። ትንፋሿ እየኮረኮረኝ ሦስት ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። «አዴ፣ ቀብር ላይ ያለሽ ምሰዪ!» ብላ ተቆጣችኝ። አራተኛው ላይ ተሳካ።

ስታሳየኝ «ይሄ የት ነው? ጨፋ ነው? ዝናብ የጠፋ ጊዜ?» አልኳት። ቀይ ኮረብታ አለ፣ ጥቁር ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር የውሃ ጠብታ ታበራለች።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ተማማልን። እኔ ድምፁ የማን እንደሆነ ላልናገር፣ እሷ ተረከዙ የማን እንደሆነ ላትናገር። ለእሷ ቀላል ነው። ለእኔ ግን አስቡት!

ዘፈኑ ተረከዜን ስዕሉ አድርጎ ያለ ስም ወጣ። ሳምንትም አልቆየ፣ ባጃጁ ሁሉ ያዘው። በገበያ ቀን ማሽላዬን ይዤ ሀጅ እንድሪስ ደጃፍ ስደርስ አንድ የባጃጅ ሾፌር ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ለገበሬዎች ያሳያል።

«ይሄ የባቲ መንገድ ነው» ይላል አንዱ።

«ባቲ እንዲህ ያለ አፈር አለው? ይሄ ጨፋ ነው፣ ከሮቢት ወዲያ።»

«የትም ይሁን፣ ባለቤቱ ሰነፍ ነው። ስንት ዓመት ቢተወው ነው እንዲህ የተሰነጠቀው?»

«በሬ እግሩን ይሰብርበታል ወላሂ!»

«ፍግ ቢበተንበት ይመለሳል።»

ቀሚሴን ወደ ታች ጎተትኩ። ሰው ፊት ለፊቴ ተረከዜን እየሰደበ፣ ፍግ እያዘዘለት፣ እኔ መልስ አፌ ላይ ሞልቶ ዝም አልኩ።

ሀጅ ከመጋዘን ወጡና ስልኩን ተቀበሉ። እንደ ሽማግሌ ደንብ መጀመሪያ አራቁት፣ ከዚያ አስጠጉት። የሚቆጥሯት ሙስበሃ እጃቸው ላይ ቆመች። ልጅቷ እናቷን በኦሮምኛ የምትጠራበት ቦታ ደርሷል። እስኪያልቅ ሰሙት። እኔ ግን በሆዴ አወቋት፣ አሁን ልጅቷን ጉድ አደረጓት እላለሁ።

«ይሄ የአባቴ ማሳ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በቦርከና በኩል ያለው። ክርክር የለም።»

ክርክሩ እዚያው ቆመ። በሀጅ እንድሪስ ላይ ስለ መሬት ማን ይናገራል?

«ዘፋኟስ ማን ትሆን?» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በከሚሴ ማን የማን እንደሆነ የሚጠየቀው እኔ ዘንድ ነዋ! ሀጅም አዩኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

 ፋጤ ቲማቲሟን ጥላ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲ አደርጋለሁ። በከሚሴ ሙቀት! ወሬው አሁን የእኔ ነው። ፋጤ እግሯን አሟታል ትላለች፤ ሌላዋ አይ ልታገባ ነው፣ ተሸሽጋ ሂና ተቀብታለች ትላለች። ራሴን የምከላከልበት እውነት እጄ ላይ አለ፤ እግሬ ላይ ማለቴ ነው። ላወጣው ግን አልችልም። ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳስቀመጥኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሳምንቱ ሳይወጣ ነኢማ በር ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። በእጇ አንድ ቅል ቅቤ ይዛለች።

«አጎቴ ናቸው የላኩኝ።»

«ምን ብለው?»

«‹ለዘሀራ ስጪያት፤ ተረከዟን ትቀባው› ብለው።»

ሁለታችንም ቅሉን አየነው። ተረከዜን የት አዩት? አወቁት እንጂ! የእህታቸውን ተረከዝ ስንት ዓመት ከኋላዋ እየሄዱ ያዩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ሙቀት ካልሲ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ያን ቀን በገበሬው ሁሉ ፊት የአባቴ ማሳ ነው ያሉት ክርክሩን ሊዘጉልን ነበር።

«ሌላስ ምን አሉ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«‹ራህመትም ቅቤ አልቀባም ብላ ታስቸግረኝ ነበር› አሉ።» ነኢማ አፏን በሻሿ ያዘች። «ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ‹ምን ትገተሪያለሽ፣ ሱቅ ረፍዶብሻል› አሉኝ።»

ሄደች፤ እየሮጠች። እኔም በአጥሩ በኩል አየሁ፤ ሀጅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሙስበሃ ይቆጥራሉ። ቀና ብለው ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም አናወራም። ለእኔ እንዴት ያለ ከባድ ነገር እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ቅቤውን ወጥ ሠራሁበት። ተረከዜን ለምን እንዳልተቀባሁት ከጠየቃችሁኝ፣ ልጅቷ ሁለተኛ ዘፈን ጀምራለች።